በጸሎትህ ከእኔ አስቀድመህ የምትጠራት ሴት

እንዳልዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ ብልህ ከወዲያ መልስ አይመጣልኝም፤ ስለዚህ የኔን ልንገርህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ለሙት ዓመትህ ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉም ተፈጭቷል። የንስሐ አባታችን ቄስ ይሄይስ እንደ ልማዳቸው «ድግሱን አታብዢው እናኑ፣ ጸሎቱ ይበልጣል» ብለውኛል። ይህን ሁሉ መቃብርህ ዳር ቆሜ ነግሬሃለሁ። ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝ ሌላ ነው። ቀንቻለሁ እንዳልዬ። ሴት ባሏ ሲሞት ቅናቷም አብሮ ይቀበራል ብዬ ነበር፤ የኔው አልተቀበረም።

የሺ መጥታ ነበር። የቡሬዋ የሺ፣ ካንተ ጋር በአንድ ሰሞን ልቧን ኦፕራሲዮን የሆነችው። አሁን ነው የወጣችው፤ የጠጣችበትን ብርጭቆ እንኳ አላነሣሁም። ያን ጊዜ ደህና ነው የተባለው ሌላው የልቧ በር ደግሞ ተበላሽቶ፣ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላታል። አስታማሚ የላትም። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከወጣ ወጥቶ ቀረ፤ እናቷም ሽንዲ አጠገብ ገጠር ውስጥ ናቸው፣ ዐይናቸው ደክሟል፣ ልጇን ቢጠብቁላት ነው። እና ማንን ብትለምን ጥሩ ነው? እኔን! ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ካለው ሰው ሁሉ እኔን መርጣ፣ «አብረሽኝ ሂጂ፣ አስታምሚኝ» አለችኝ። እሁድ መልሴን ትጠብቃለች። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ከማን ጋር ልማከር? ነገሩን ያመጣኸው አንተ ስለሆንክ ካንተው ጋር ነው የምማከረው።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ። በርበሬዬ ተመልሷል። ከሆስፒታል ስትወጣ አቧራው ያስለዋል ብዬ ማዳበሪያዎቹን አንድ ሳላስቀር ከቤት አስወጥቼ፣ ንግዱንም እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ ከመራዊ የሚመጣ ድንችና ሽንኩርት ልሸጥ ተቀመጥኩ አይደል? ገበያው በሙሉ በበርበሬ ነበር የሚያውቀኝ። «እናኑ ደግሞ ድንች ጀመረች?» እያሉ ሲሳለቁብኝ ድንቼን መመዘኔን ቀጠልኩ። አሁን ዛላው ጓዳውን እንደገና ሞልቶታል፤ ጎረቤት ገና ከደጅ ያነጥሰዋል። ውስጥ ግን የሚያስል የለም፤ ሲያስልህ ትራስህን ይዤ እሮጥ ነበር፤ አሁን እጄ ሥራ ፈት ሆኗል። የእንጨት ሥራ ቤትህን ከጅጋ ለመጣ አናጢ ሰጥቼዋለሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሥራውም መጥፎ አይደለም። መላጊያህን ግን አልሰጠሁትም፤ አልጋዬ ሥር ናት።

ታስታውሳለህ ሕመሙ የጀመረህ ጊዜ? አንዲት ሳንቃ ተሸክመህ ከመንገድ ወደ ቤት ስትገባ ደፍ ላይ ቁጭ ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ስንፍና መስሎኝ እቀልድብህ ነበር። ኋላ ሐኪሞቹ በልጅነትህ ያመመህ ጉሮሮ ነው ልብህን የጎዳው አሉ። ተራ ጠበቅን። ደረሰልንና አዲስ አበባ ሄድን። እኔ ከተማውን አላየሁትም፤ ያየሁት የወንዶቹን ክፍል፣ ደረጃውንና ፀሐይ የምትሞቁበትን በረንዳ ነው። ያን በረንዳ እስከ ዛሬ አልወደውም።

እዚያ ነው ያገኘሃት። አንዲት ቀጭን ሴት ጋቢ ተከናንባ ከነርሷ ጋር ስታወራ የአገራችንን ቃል ሰማህ። «ከየት ነሽ አንች ልጅ?» አልካት። «ከቡሬ» አለች። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ጥርስህን አላየሁትም ነበር፤ ለሷ ግን ሳቅህላት። ካጠገብህ የተቀመጥኩት እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ፣ አንተ ግን ስለ ቡሬ ገበያ ታወራለህ፤ እኔስ የየት አገር ሰው ነኝ? ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እኮ ጎረቤት ናቸው፣ ያን ያህል ናፍቆት ምን አመጣው? ያኔ ነው የጀመረኝ።

የኦፕራሲዮንህ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደም ለመስጠት ሄድኩ። ወንድምህም ሰጠ፣ እኔም ሰጠሁ። የሰጠሁት ደም ላንተ ይሁን ለሌላ ሰው እንደማይታወቅ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ላንተው ነው ብዬ ይዣለሁ፣ ማንም አያስለቅቀኝም። ስመለስ ካልጋህ ላይ የለህም። በረንዳ ላይ ከየሺ ጋር ተቀምጣችኋል፣ ሁለታችሁም ዝም ብላችኋል። ስታወሩ ባገኛችሁ ይሻለኝ ነበር። ዝምታችሁ ነው የከበደኝ፤ ትልቅ ነገር ተነጋግረው የጨረሱ ሰዎች ዝምታ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም፤ በማግስቱ ደረቱ ለሚከፈት ሰው ምን ጥያቄ ይቀርብለታል?

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔና አንተ እናውቀዋለን። የደረትህ አጥንት እስኪገጥም በእጅህ ተደግፈህ መነሣት አይፈቀድልህም ነበር። በጎንህ አዙሬ፣ አንድ እጄን ትከሻህ ሥር፣ አንዱን ጉልበትህ ላይ አድርጌ ነበር የማስነሣህ። ሲያስልህ ትራሱን ደረትህ ላይ አስታቅፌ እኔ ደግሞ ከላይ እይዝልህ ነበር። ሸሚዝህን ቆልፌ፣ እግርህን አጥቤ፣ ጎመን ስትሰርቅ ይዤ። አዎ ስትሰርቅ! የደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ጎመን በልክ ይብላ ሲባል፣ አንተ ከጎረቤት ቤት ሄደህ በላህ። ስትመለስ አፍህ ቃሪያ ቃሪያ ሸቶኝ ያዝኩህ፣ እስክንደክም ሳቅን። ደረትህን ይዘህ «አታስቂኝ፣ ይፈታል!» ስትል ትታየኛለህ። ያች ሰዓት የኔና ያንተ ብቻ ናት፤ ለየሺ አላካፍላትም።

ግን ከሆስፒታል ከተመለስን ጀምሮ በጸሎትህ ውስጥ አንድ አዲስ ስም ገባ። ጧት ጧት መስኮቱ ሥር ቆመህ ስትጸልይ እኔ እሳት እያነደድኩ እሰማለሁ። ድሮ የምትጠራው እኔን በክርስትና ስሜ፣ ወለተ ኪዳን ብለህ፣ ከዚያ ራስህን ነበር። አሁን «ወለተ ሰንበትን አስባት» ትላለህ መጀመሪያ። ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ራስህን። ወለተ ሰንበት ማናት? እናትህ አይደሉም፣ እህትም የለህም። የሺ ናት ብዬ ቁርጥ አደረግኩ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

እንዳልጠይቅህ፣ በጸሎት ላይ የተጠራን ስም «ማናት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እሷን እንዳልጠይቃት፣ የሰው ክርስትና ስም የሚጠይቅ ሰው መድኃኒት ሊያስደርግ ነው ይባላል፤ እናቴ ስሜን ለጎረቤት እንኳ ሳትናገር ነው የሞተችው። ስለዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ባል ጸሎት ውስጥ ተሰለፍን፤ እኔ ሁለተኛ። ደግሞ የማልወዳትን ሴት ስም በልቤ ይዤው ዞርኩ። ዱቄት ሳቦካ ወለተ ሰንበት፣ ሽንኩርት ስመዝን ወለተ ሰንበት።

ለምርመራ ባሕር ዳር ስንሄድ የነበረውስ? ከፍኖተ ሰላም ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ አጠገብህ ያለውን ወንበር በጃኬትህ ትይዛለህ። ረዳቱ ሲቆጣ፣ «ቡሬ ላይ የምትገባ ሴት አለች» ትለዋለህ። እኔ ሚስትህ ከኋላ ከሰው ዶሮ ጋር! ቡሬ ላይ ትገባለች፣ ሳቅ ይጀመራል። ለሁለታችሁም ልባችሁ ላይ የተገጠመው የብረት በር ነው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። መኪናው ሲቆም ጆሯችሁን ሰጥታችሁ «የማን ይበልጣል?» ትባባላላችሁ። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ ደረቴ ዝም ያለ ሴት ምን ልበል? አንድ ጊዜማ እኔም በታመምኩ ብዬ ተመኘሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ እንጅባራ ላይ ብርዱ ሲመጣ ጋቢዬን አውልቄ ለሁለታችሁም አለበስኳችሁ። ቀናሁ እንጂ ክፉ አልሆንኩም።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ አስበው። ሐኪሙ አትጹም አለ፣ ቄስ ይሄይስ በሥልጣናቸው ፈቱህ፣ እኔ እግርህ ላይ ወድቄ ለመንኩህ፣ እምቢ አልክ። አንድ ቀን የሺ ደውላ «እኔም በልቻለሁ፣ ብላ» አለችህ። ወዲያው እንቁላል ጥበሽልኝ አልከኝ! እንቁላሉን ጠበስኩት፣ ጨው ግን አበዛሁበት። ቀምሰህ ቀና ብለህ አየኸኝና ጨረስከው።

ደግሞ ዱካዋ። ዕቃ መደርደሪያ ሥራልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ፤ «ደረቴ ይጠንክር» ትለኝ ነበር። ትንሽ ሲጠነክር መጀመሪያ የሠራኸው ለየሺ ልጅ፣ ለፍሬ፣ የምትቀመጥባት ዱካ ነው። ከዋንዛ ጠርበህ፣ ጠርዙን እንደ ሕፃን ጉንጭ አለስልሰህ፣ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ላክሃት። እኛ ልጅ አልተሰጠንም። ያችን ዱካ የመኪናው ጣራ ላይ ስትታሰር ቆሜ አየኋት። በልጅ አሳብቦ ለእናት ነው አልኩ ለራሴ፣ እንዲህ ማሰቡ ስለሚቀለኝ።

እውነቱን ለመናገር መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት የጠፋ ጊዜ ከራሷ ክኒን ላይ ቀንሳ በአንድ ጨርቅ ነጋዴ እጅ የላከችልህ እሷ ናት። በዚያ ሰሞን በሷ ክኒን አደርክ። አመሰግናት ዘንድ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምስጋናው አፌ ላይ ነበር፤ ቅናቴ ግን አላስወጣው አለ።

ከዚያ ልብህ እየደከመ ሄደ፣ ማንም ምንም ሊያደርግ አልቻለም፣ ተለየኸኝ። ለቅሶው ላይ ከቡሬ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ስትወድቅ ሴቶቹ ሁሉ «ማናት?» እያሉ ፊቴን ያዩ ነበር። «የሐኪም ቤት ሰው ናት» አልኩ። ደረቷን እንዳትመታ ግን እጇን የያዝኩላት እኔው ነኝ፤ የተሰፋ ደረት እንደማይመታ ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እና ዛሬ መጣች። ከስታለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ደጃፋችን ያለችውን ትንሽ ዳገት ለመውጣት ሁለት ጊዜ ቆማለች። ልመናዋን ነግራኝ ስትጨርስ ተነሣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እሽ፣ አስቢበት ወለተ ኪዳን» አለችኝ።

እንዳልዬ፣ ደሜ ፈላ። ያን ስም እናቴ፣ ቄሱና አንተ ናችሁ የምታውቁት። እናቴ ሞታለች፣ ቄሱ አይናገሩም። ስሜን እንኳ ለዚች ሴት ሰጠሃት? ያለኝን ሁሉ ወስዳ ስሜ ነበር የቀረኝ! እጇን ይዤ መልሼ አስገባኋትና፣ «የኔን ስም ማን ነገረሽ? ያንቺን ወለተ ሰንበትን እኔ አንድ ቀን እንኳ አፌ ላይ አላወጣሁም!» አልኳት።

ግራ ገባት። «ወለተ ሰንበትማ ልጄ ናት፤ ፍሬ እኮ ናት» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። እሷም ቁጭ አለችና የዚያን ከሰዓት በኋላ ነገር ነገረችኝ። እኔ ደም ስሰጥ በረንዳው ላይ፣ እንሞት ይሆናል ብላችሁ ቁርጣችሁን ስትነጋገሩ፣ አንዳችን ብንተርፍ የሌላውን ሰው እናስብ ተባባላችሁ። የራሳችሁን ስም አልተለዋወጣችሁም፤ የምትሞቱት እናንተ ናችሁና የሚቀረውን ሰው ስም ሰጣችሁ። እሷ ልጇን ሰጠችህ። አንተ እኔን ሰጠሃት። «ልጅ የለንም፣ ብቻዋን ነው የምትቀረው» አልካት አሉ። እና ይህች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት፣ የምትፈትለውን ጥጥ ሳትይዝ፣ መድኃኒቷን ሳትውጥ፣ ወለተ ኪዳንን አስብልኝ ስትል ኖራለች። ከልጇ አስቀድማ እኔን።

አለቀስኩ። ግን በደስታ እንዳይመስልህ፤ አሁንም ቀንቼ ነው ያለቀስኩት። ሞትን የሚያህል ነገር ስትፈራ ከኔ ይልቅ ለሷ ነገርካት። እኔ ብሰማው እንዳልፈርስ ብለህ ይሆናል። ብፈርስስ? ባንተ ላይ ብፈርስ ምን ነበረበት? ባልና ሚስት የሚፈራርሱት እርስ በርስ አይደል? ይህን አልተውልህም።

ዐይኔን ስጠርግ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። «እኔ እኮ እዚያ በረንዳ ላይ በሱ ነበር የምቀናው። እሱ አንች ነበርሽለት» አለች። ከሴቶቹ ክፍል ደጃፍ ቆማ እንዴት እንደማስነሣህ ታየኝ ነበር። እሷን ሲያስላት ትራስ የሚይዝላት አልነበረም፤ ነርሷ እስክትመጣ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ትስል ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ እኔ በሷ ስቀና እሷ ባንተ፣ መካከል ላይ አንተ ቡሬ ገበያን ታወራለህ!

ልትሄድ ስትል ደግሞ፣ «እሱ የራሱን የክርስትና ስም አልነገረኝም፤ ዓመቱ ሲደርስ ላስበው፣ ንገሪኝ» አለችኝ። አልነገርኳትም።

እንግዲህ ካንተ ጋር መክሬ ጨረስኩ። እሄዳለሁ። እሁድን አልጠብቅም፣ ነገ ደውዬ እነግራታለሁ። ዓመትህን ካወጣሁ በኋላ በርበሬውን ለእህቴ አስረክቤ፣ ቡሬ ላይ ከሷ ጋር እገናኛለሁ። በጎኗ አዙሬ አስነሣታለሁ፤ ሲያስላት ትራሱን እይዝላታለሁ፤ ጎመን ከሰረቀችም እይዛታለሁ። አዝኜላት ብቻ ነው እንዳትል። ካንተ በኋላ የማስነሣው ሰው አጥቼ እጄ ከብዶኛል። ደግሞ ዋዜማው ሲመጣ በረንዳው ላይ ከጎኗ የምቀመጥ እኔ ነኝ፤ ደም ለመስጠት ጧት እሄዳለሁ እንጂ ከሰዓት ካጠገቧ አልነሣም። የፈራችውን ሁሉ ለኔ ትነግረኛለች። አንተ እንኳ ያልሰማኸውን የራሷን የክርስትና ስም ለኔ ትሰጠኛለች። እስቲ አንተም በተራህ ቅና።

ወለተ ሰንበትንም ከእንግዲህ እኔ እጠራታለሁ፤ ጠሪዋ ስለሞተ ስሟ መሬት አይወድቅም። ካንተ ቀጥሎ ግን ነው። ጧት ጧት መስኮቱ ሥር ቆሜ መጀመሪያ አንተን፣ ገብረ ሚካኤልን እላለሁ። የሺ ስምህን ዳግመኛ ብትጠይቀኝም አልነግራትም፤ ታስብህ ከፈለገች በዓለም ስምህ እንዳላማው ብላ ታስብህ፣ ለሷ እሱ ይበቃታል። ያኛውን ስም ከቄሱና ከኔ በቀር ማንም አይጠራውም፤ እስክንገናኝ ድረስ ለማንም አላካፍልህም።

ሚስትህ፣
እናኑ